ዩሮ ይወጣል ያለው ድምፅ የእኔ ነው

ከአገሬ የወጣሁ ዕለት ማምሻውን የርብ ወንዝ ሞልቶ ነበር። ቀበሌያችንን ቁሐር ሚካኤልን በክረምት ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለው ሜዳ ሁሉ ውሃ ነው። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ አዲሱን ጫማዬን በፌስታል ጠቅልዬ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሳይሆን ጥጃ የጠፋበት ሰው መስዬ ነው የወጣሁት። አባቴ በዱላቸው ውሃውን እየለኩ ከፊት ከፊቴ ይሄዳሉ። እናቴ ካረፈች፣ እህቴም ሐሙሲት ከተዳረች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ነበርን። እንግዲህ ብቻቸውን ሊቀሩ ነው፤ እሳቸው ግን የሚጨነቁት ስለ ጫማዬ ነው። "ፌስታሉን ከፍ አድርገው፣ ሻርጃ በእርጥብ ጫማ አይገባም" ይሉኛል።

አስፋልቱ ዳር ስንደርስ "እኔ አልሰጋልህም" አሉኝ። "ፈንታሁን እዚያ አለ። ፈንታሁን ካለ እኔ ያለሁ ያህል ነው።" ግንባሬን ሳሙኝ። ባጃጅ መጣና ወደ ወረታ ወሰደኝ፣ ከወረታ ወደ ባሕር ዳር። ዞር ብዬ ሳይ አባቴ አሁንም ውሃው ውስጥ ቆመው ነበር።

ፈንታሁን ማን ነው ለምትሉ፣ የክርስትና አባቴ ልጅ ነው። ቤታቸው ከእኛ በላይ፣ ርብ ዳር ነው። ፎገራን ለማታውቁ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኛ ጋ ውሃ የሚመጣው ሰማዩ ጥርት ብሎም ነው። ዝናቡ ጉና ተራራ ላይ ይዘንባል፣ ርብ ያብጣል፣ ከዚያ ወደ እኛ ይደርሳል። ስለዚህ ከላይ ያለ ሰው ከታች ላለው ይደውላል። "ውሃ መጣ" ከተባለ ከብት ይነዳል፣ እህል ወደ ቆጥ ይወጣል፣ "እርግጠኛ ነህ ወይ?" ብሎ የሚከራከር የለም። የተጣላ እንኳ ለተጣላው ይደውላል። በውሃ የዋሸ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። አንድ ክረምት ፈንታሁን ደውሎ "አባባ፣ አሁኑኑ ያስወጧቸው!" ባይላቸው ኖሮ ከብቶቻችን በሙሉ ያልቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ አባቴ ለፈንታሁን የሚሆኑትን አትጠይቁኝ፤ አንዳንዴ እኔ ልጃቸው እቀና ነበር።

እኔ ወረታ መገንጠያው አጠገብ፣ የሐጅ እንድሪስ ሱቅ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ ስልክ እጠግን ነበር። ሐጅ እንድሪስ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ የበረንዳ ኪራይ ተቀብለውኝ አያውቁም፣ ስልካቸውን በነፃ እሠራላቸዋለሁ፣ በቃ። ጊዜው ብር በዶላር ፊት በየሳምንቱ የሚያንስበት፣ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ስለ ምንዛሪ የሚያወራበት ነበር። እኔም ሥራ ሲጠፋ በስልኬ የዩሮና የዶላር ዋጋ ሲወጣ ሲወርድ እመለከታለሁ፣ ቀስ በቀስ ፍቅር ያዘኝ። ይህን የሰማው ፈንታሁን ከዓረብ አገር፣ ከሻርጃ ደወለ። "እዚህ እኮ የፎሬክስ፣ የውጭ ገንዘብ መገበያያ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራ። ዋጋ የሚተነብይ አማርኛ ተናጋሪ ይፈልጋሉ። የቪዛና የሥልጠና ገንዘብ ብቻ ላክ" አለኝ።

አባቴ ከሩዝ ማሳችን ግማሹን ለዓመታት ኮንትራት ሰጥተው ላኩለት። ግማሹ ቀረ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሽማግሌ ሰው ከዚያ በኋላ የሚኖረው በዚያ በቀረው ግማሽ ማሳ ነው።

ቦሌ ላይ የኢሚግሬሽኑ ሰው ፓስፖርቴን አገላብጦ "ለምን ትሄዳለህ?" አለኝ።

"ለጉብኝት።"

"ምን ልትጎበኝ?"

ፈንታሁን ያስጠናኝ ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። "ረጅሙን ፎቅ" አልሁ።

"የጎንደርን ግንብ አይተኸዋል?"

"አላየሁትም።"

"ከወረታ ጎንደር ስንት ሰዓት ነው?" አለና እንደ ማዘን ብሎ ማኅተሙን መታልኝ። "በል ሂድ፣ ፎቁ እንዳያመልጥህ።"

ፈንታሁን ሻርጃ አየር ማረፊያ ድረስ መጣ። ሽቶው ከሩቅ ይጣራል። አቅፎ አነሳኝ፣ "አስሜ! ወንድሜ!" እያለ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ያንን እንባ እስከ ዛሬ ምን እንደምለው አላውቅም። መኪና ውስጥ ገና ሳልቀመጥ "ፓስፖርትህን አምጣ፣ ቪዛው ይቀየርልህ" አለኝ። ሰጠሁት። ለምን አልሰጠውም?

ሙቀቱን እንዴት ልንገራችሁ። ወረታ በሚያዝያ ይሞቃል የምትሉ፣ ወረታ ደጋ ናት። እዚህ ከበር ስትወጣ አየሩ እርጥብ ብርድ ልብስ ሆኖ ይጠመጠምብሃል። ማደሪያዬ ቤድ ስፔስ ይባላል፤ ቤት አትከራይም፣ አልጋ ነው የምትከራየው። አከራያችን የቁልፍ ዘለላውን እያንቃጨለ አስጎበኘኝ።

"የላይኛው አልጋ ይረክሳል" አለኝ።

"ለምን ረከሰ?"

"ኤሲው ፊት ለፊት ነው። ትታመማለህ።"

"እንግዲያው የታችኛውን።"

"የታችኛው ጋ ኤሲው አይደርስም። ትቀቀላለህ።"

"ታዲያ የትኛው ይሻለኛል?"

"በመስኮቱ በኩል ያለው ጥሩ ነበር" አለ፣ "እሱ ተይዟል።" ከዚያ በርበሬዬን አሽትቶ አስነጠሰና በቤቱ ውስጥ እንዳይበስል ከለከለኝ። እሱ ራሱ በየቀኑ ዓሣ ይጠብሳል፣ ለዚያ ግን ክልከላ የለም።

ምግቡ ደግሞ ሩዝ! ከሩዝ አገር ወጥቼ ጠዋት ሩዝ፣ ማታ ሩዝ። የእነሱ ረጅምና ብትን ነው፣ በእጅ አይጨበጥም፤ የእኛው ድቡልቡሉ ናፈቀኝ። አብረውኝ ለሚያድሩት እኛ ከጤፍ ቀላቅለን እንጀራ እንደምንጋግረው፣ ጠላም እንደምንጠምቀው ብነግራቸው አላመኑኝም። ኢትዮጵያ ውስጥ ሩዝ አለ ማለቴ ራሱ ጉራ መሰላቸው።

ድርጅቱ ግን ያማረ ነበር። ሰፊ አዳራሽ፣ ስክሪን በስክሪን፣ በየጠረጴዛው በሌላ ቋንቋ የሚያወራ ሰው። አሠልጣኛችን ሚስተር ናዲም ይባላል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ጨዋ ሰው። ትምህርቱን አልዋሽም፣ ወደድሁት። መጀመሪያ ሻማ ነው ያስተማረን። ዋጋው በየሰዓቱ አንድ ሻማ ይሥላል፤ ከጀመረበት በላይ ከዘጋ አረንጓዴ፣ በታች ከዘጋ ቀይ። ከሻማው ጫፍ የሚወጣው ቀጭን መስመር ዋጋው ደርሶ የተመለሰበት ነው፤ ያ መስመር ሲረዝም ገዢ ወይም ሻጭ እየደከመ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ወለልና ጣሪያ መጣ። ዋጋው ደጋግሞ ደርሶ የሚመለስበት ከፍታ ጣሪያ ይባላል፣ ደጋግሞ የሚነሳበት ደግሞ ወለል። ይህ እንኳ ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ የቤታችን ግድግዳ ላይ ውሃው በየዓመቱ የሚደርስበት ምልክት አለ፣ አባቴ ከዚያ በታች እህል አያስቀምጡም። ከዚያም ያለፉትን ቀናት ዋጋ አማካይ በመስመር መሣል፣ ዋጋው መስመሩን ሲያቋርጥ መጠንቀቅ።

የመጨረሻው ዜና ነበር። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ሲጨምር ዶላር ይጠነክራል፣ ሥራ አጥ ሲበዛ ይደክማል። እኔ ከሁሉም የያዝሁት ይህንን ነው። ሻማው እኮ የደረሰውን ውሃ ነው የሚያሳይህ፤ የትኛው ተራራ ላይ እንደዘነበ አይነግርህም። ስለዚህ ማንኛውም ዋጋ ሲነሳ "የዚህ ጉና የት ነው?" እያልሁ ወደ ላይ መፈለግ ጀመርሁ። ባልደረቦቼ ሻማ ሲቆጥሩ እኔ ዜና አነባለሁ። ሁልጊዜ አልተሳካልኝም፤ ትንበያ ነውና ይስታል። ግን ከመሳቱ መሳካቱ በዛ። ሚስተር ናዲም ጀርባዬን መታ አድርጎ "ጎበዝ ነህ" አለኝ፣ "ግን ለደንበኛ ዜና አታብዛበት። ሻማ አሳየው፣ ሻማ ያምራል።"

ፈንታሁን በየጠዋቱ ድምፄን ይቀርጻል። "ወገኖቼ፣ እንደምን አደራችሁ፣ አስማረ ነኝ ከሻርጃ። ዛሬ ዩሮ ይወጣል፤ ምክንያቱም..." እያልሁ በፎገራ አማርኛዬ አብራራለሁ። ቅጂው በቴሌግራም ወደ ወረታ ይሄዳል። ሐጅ እንድሪስ ሱቅ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ይሰማዋል አሉ፤ ሩዝ ፈልፋዩ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ልብስ ሰፊው። በድርጅቱ አፕ ገንዘባቸውን ያስገባሉ፣ እኔ ይወጣል ያልሁትን ይገዛሉ፣ አፑ ላይ ቁጥሩ ይጨምራል። አንድም ሰው "እርግጠኛ ነህ ወይ?" አላለኝም። እኔ ከላይ ነኛ! እነሱ ከታች ናቸው። ከላይ ያለው ደወለ፣ አለቀ።

አንድ ቀን ከአሜሪካ ትልቅ ዜና ይጠበቅ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሳነብ አድሬ ጠዋት "ዩሮ ዛሬ በደንብ ይወጣል" ብዬ ድምፄን አስቀረጽሁ። ከሰዓት በኋላ ዜናው ወጣ፣ ልክ እንዳልሁት። በራሴ ስልክ ማንም የሚያየውን የምንዛሪ ገጽ ከፍቼ ነበር፤ ዩሮ አረንጓዴ ሻማ እያበራ ወደ ላይ ተተኮሰ። ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። እልል ማለት ነው የቀረኝ። ከዚያ የድርጅቱን ስክሪን አየሁ።

እዚያ ላይ ዩሮ እየወደቀ ነው። ያው ዩሮ፣ በዚያው ደቂቃ። ቀይ ሻማ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች። የወረታ ሰዎች ያስገቡት ሁሉ እያየሁት ባዶ ሆነ።

ወደ ሚስተር ናዲም ሮጥሁ። "ሲስተሙ ተበላሽቷል! ኔትዎርክ ነው መሰለኝ!"

"አልተበላሸም" አለኝ ሻዩን ሳያስቀምጥ።

"ትንበያዬ ልክ ነበር እኮ! ይኸው፣ ይዩት!"

ስልኬን ተቀብሎ አየው። እውነቱን ለመናገር ፊቱ ላይ አድናቆት ነበር። "በጣም ልክ ነህ" አለኝ። "ለዚህ እኮ ነው የሚያምኑህ። አንተ ትንበያውን ጠብቅ፣ ዋጋውን ለእኛ ተው።"

ጉና ላይ ጠብ ሳይል ውሃ መጣ። ዋጋውን ራሳቸው እየጻፉ ውሃውን የሚለቁት፣ የሰመጠውንም ገንዘብ የሚያስቀሩት ከጎኔ ባለው ክፍል ነበር፤ እኔ አሜሪካ ድረስ ስፈልገው። ብሳሳት ኖሮ እኮ ማንም አይሰማኝም ነበር። ትክክለኛነቴን ነው መንጠቆው ላይ የሰኩት። እስከ ዛሬ ይህ ከሁሉም በላይ ያቃጥለኛል፤ በሕይወቴ አንድ ነገር በፍቅር ተማርሁ፣ አወቅሁት፣ እሱንም ለማጥመጃ አደረጉት።

ፈንታሁንን ሻይ ቤት አገኘሁት። ስኳሩን እያማሰለ ነበር።

"ታውቅ ነበር?" አልሁት።

"ምኑን?"

"ዋጋውን ራሳቸው እንደሚያወጡት።"

"እህሳ! አንተ ከየት የሚመጣ መስሎህ ነው?"

"ከገበያ ነዋ!"

ሳቀ። ያ ሳቁ ልጅ ሆነን ሜዳ ላይ ስንራገጥ የነበረው ሳቅ ነው፣ አልተቀየረም። "አይ አስሜ" አለኝ፣ "የዋህ ነህ።"

"የወረታ ሰው ነው እኮ ፈንታ! ሐጅ እንድሪስ ናቸው!"

"ሐጅ እንድሪስ ሱቅ አላቸው፣ አይራቡም።"

"አባቴ ለሥልጠና የላኩልህስ?"

"ሥልጠናው ነፃ ነው። ያ የኔ ነው፣ ሰው ላመጣ ሰው ይገባዋል። አንተም አንድ ሁለት ሰው አምጣና ትወስዳለህ።"

ልመታው ተነሳሁ፤ እንባዬ ቀደመኝ። "ያኔ ውሃ መጣ ብለህ ስትደውል" አልሁት፣ "ያኔ ለምን አልዋሸኸንም?"

ጥያቄው በእውነት የገረመው ይመስላል። "ያኔ ብዋሽ ምን አገኝ ነበር?" አለኝ።

ፓስፖርቴን ጠየቅሁት፤ ድርጅቱ ጋ ነው አለ። በማግስቱ ሥራውን ጥዬ ወጣሁ። አሁን ኢንዱስትሪያል ኤሪያ የሚባል ሰፈር መኪና አጥባለሁ። ቪዛዬ ካለቀ ቆይቷል፣ ቅጣቱ በየቀኑ ይጨምራል፤ ይህኛው ቁጥር እንኳ ሁልጊዜ ወደ ላይ እንደሚሄድ ያለ ሻማ እተነብይላችኋለሁ። ፓስፖርቴን እንዲያስመልሱልኝ ላመለክት አንድ የመንግሥት ቢሮ ሄጄ ነበር።

"ማን ወሰደው?" አለኝ ባለሥልጣኑ።

"ጓደኛዬ።"

"ጓደኛህ ከሆነ ሂድና ተቀበለው።"

"አይሰጠኝም።"

"እንግዲያው ጓደኛህ አይደለማ። ማን ወሰደው?"

"የክርስትና አባቴ ልጅ" አልሁት። አጠገቤ የቆመው የቢሮው አስተርጓሚ ይህንን ለመተርጎም ብዙ ታገለና በመጨረሻ "ወንድሙ" አለው። ባለሥልጣኑ የወንድማማች ጠብ ውስጥ እንደማይገባ ነግሮ አሰናበተኝ።

ሐጅ እንድሪስ የደወሉልኝ በዚያ ሰሞን ነው። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። ነገሩን ሁሉ ከሥሩ አጫወትኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው "እኔ ዩሮ የሚባለውን አይቼው አላውቅም፣ አንተን ነው የማውቀው" አሉኝና ስልኩን ዘጉት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ እህቴ ደውላ ፈንታሁን አገር ቤት መግባቱን ነገረችኝ። "አስማረ የሰው ገንዘብ አጥፍቶ ሸሽቷል፤ እኔ ላስታርቅ ነው የመጣሁት" ይላል አለችኝ። ለአንዳንዱ ጥቂት ጥቂት መልሶላቸዋል። አዲስ አፕም ይዞ መጥቷል፤ የድሮው የአስማረ ነበር፣ ይህኛው አስተማማኝ ነው እያለ ነው። ልብ በሉ፣ ለእነዚያው ሰዎች ነው።

ለኅዳር ሚካኤል አባቴ ጋ ደወልሁ። የታቦቱ ቀን ነው፣ ሩዝም የሚታጨድበት ወቅት ነው፣ ቤቱ ሰው እንደሚሞላ አውቃለሁ። ድምፃቸው ደስ ያለው ነበር።

"ልጄ፣ ደህና ነህ? ትበላለህ?"

"ደህና ነኝ አባየ። ፈንታሁን መጥቷል አሉኝ።"

"እዚሁ ነው፣ ከቅዳሴ አብረን መጣን። እግዜር ይስጠው፣ ነገርህን ሁሉ እያቃናልህ ነው።"

"የምን ነገሬን?"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የሰውን ገንዘብ ነዋ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰው ዓይኑን እንዲያዞርብኝ አልሻም። የቀረውን ማሳ ኮንትራት እሰጥና ገንዘቡን ለፈንታሁን አስረክበዋለሁ፤ እሱ በዚያ በአዲሱ አፕ አራብቶ ለሁሉም ይመልስልሃል። ነገ ወረታ ወርደን እንፈራረማለን። ያኔ ቀና ብለህ ትመጣለህ።"

"አባየ፣ እንዳይፈርሙ! የዘረፈን እሱ ነው! ሥልጠና ብሎ የወሰደውም የራሱ ኪስ ነው የገባው! ፓስፖርቴን የያዘው እሱ ነው!" መኪና የሚያጥቡት ሁሉ ዞረው እስኪያዩኝ ጮኽሁ።

አባቴ አልተቆጡም። "ድምፅህን ሰምቼዋለሁ እኮ ልጄ" አሉኝ። "ሐጅ እንድሪስ ሱቅ ቁጭ ብለን ነው የሰማነው። ይወጣል ያልኸው አንተ ነህ። የፈንታሁንን ድምፅ አንድም ቀን አልሰማንም።"

"ወጥቶ ነበር እኮ አባየ! በእውነት ወጥቶ ነበር!"

"ከወጣ ታዲያ ገንዘቡ የት ገባ?"

ይህን በስልክ ለአንድ ገበሬ እንዴት ብዬ ላስረዳ? ሁለት ዩሮ ነበር ልበላቸው? አንዱ የዓለም፣ አንዱ የእነ ፈንታሁን? ዝምታዬን እንደ ማመን ቆጠሩት መሰለኝ። "አይዞህ" አሉኝ፣ "ሰው ነህ፣ ሰው ይሳሳታል። ብቻ ውለታ የሚውልልህን አትጥላ። እንካ፣ አናግረው።"

"አስሜ" አለኝ ፈንታሁን።

"ፈንታ፣ ማሳውን ተውላቸው" አልሁት። "ፓስፖርቱንም አልፈልግም፣ ስሜንም እንደፈለግህ አድርገው። ማሳውን ብቻ ተውላቸው። ሌላ ምንም የላቸውም። ስለ ሚካኤል ብለህ።"

"እሺ፣ እሺ" አለኝ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ከፍ ባለ ድምፅ። "ለሁሉም ሰላም እልልሃለሁ። አታስብ፣ እኔ አለሁላቸው።"

"ፈንታ!"

ከኋላው የሰው ጫጫታ ይሰማል፣ የሰሃን ድምፅ ይሰማል። መሀል ላይ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ "ና እንጂ ልጄ፣ ምሳው ቀዘቀዘ።"

"መጣሁ አባባ" አለና ስልኩን ዘጋው።